ውርጭ ወደ ቆላ የወረደበት በጋ

አንድ ሽታ የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ አስቁሞባችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይህ ገጠመኝ። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። ተማሪዎቼን ሦስት ዓይነት ቅጠል ይዛችሁ ኑ ብያቸው ስለነበር ጠረጴዛዬ ላይ የኒም፣ የማንጎና የቁርቁራ ቅጠል ተከምሯል። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ልጅ መጥታ፣ ከታጨደ ማሽላ ጉቶ ላይ የበቀለ ቡቃያ አንድ እፍኝ አስቀመጠችልኝ። አረንጓዴነቱ ዓይን ይስባል። አገዳው ስለተሰበረ እርጥብ፣ ጣፋጭ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር የሚል ሽታ አወጣ። «ቅጠል ማለት…» ብዬ ጀምሬ ነበር። ልጆቹ የቀረውን ይጠብቃሉ። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ፣ ያንኑ ቡቃያ በሁለት ክንዴ ታቅፌ በደረቀ ማሳ መሃል እሄድ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሁሉን ነገር የማስረዳት ልማዴ ከየት እንደመጣ ስጨርስ ትረዱታላችሁ።

ያደግኩት ሽንፋ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። በዙሪያችን ያለው ሰፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ የባለሀብት ነው። እኛ ከብት ጠባቂዎች ነበርን። ሰባት ከብት ነበረን። ሰባት ከብት ማለት ወተት፣ ቅቤ፣ ደብተር፣ ለክፉ ቀንም መሸሻ ማለት ነው። መሬት የሌለው ሰው ንብረቱ በአራት እግሩ የሚሄድ ስለሆነ ሣር ሲጠፋ ሀብቱ ሁሉ አንድ ላይ ይታመማል።

በእኛ አገር ዝናብ በሰኔ ገብቶ እስከ መስከረም ይቆያል። በዚያ ዓመት በሐምሌ አጋማሽ መጣ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ሣሩ ጉልበት ሳይደርስ ገረጣ። የባለሀብቱ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ደርቆ ቀረ፤ ሰውየው አገዳውን አሳጨደ፣ በመኪና አስጫነና ሄደ። በጥቅምት ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ። በኅዳር ኩሬዎቹም አሸዋ ሆኑ።

ያኔ የመንደሩ ወንዶች ከብቱን እየነዱ በቋራ በኩል ወደ ገለጉ ማዶ፣ ውኃ አልጠፋም ወደተባለበት ተነሱ። አባቴና ታላቅ ወንድሜም አብረው ሄዱ። አንዲት ላም ብቻ ቀረችልን፤ ግራጫዋ ዳልቺት። እርጉዝ ስለነበረች ያን መንገድ አትችለውም።

አባየ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ከብቱ መንገድ ጀምሮ፣ ወደ ኋላው እየዞረ አዘዘኝ።

«ትርንጎ፣ ዳልቺትን ላንች ትቻታለሁ።»

«እሽ አባየ።»

«ወደ ወንዙ እየወሰድሽ አጠጫት። ቁርቁራው ሥር አውያት። ከባለሀብቱ ማሽላ ማሳ ግን ዝር እንዳትል! ጉቶውን እንኳ እንዳትሸት!»

«ለምን?»

«ብያለሁ!»

አባቴ «ብያለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቸኩሎ ነበር። ስለዚህ ለጥያቄዬ እኔው መልስ ሰጠሁት። ባለፈው ዓመት የእርሻው ዘበኛ ማሳው ውስጥ የገባ የጎረቤት ጥጃ ይዞ ሲያስር፣ አባየ ሄዶ ለምኖ ሲያስፈታ አይቻለሁ። እንግዲህ የከለከለኝ ማሳው የሰው ስለሆነ ነው አልኩ። ጥሩ መልስ ነበር። ጉድለቱ ስህተት መሆኑ ብቻ ነው።

ከብቱ ሲሄድ ልጆቹም ተከትለው ሄዱ። ክፍላችን ውስጥ አንድ ወንበር ላይ ለአራት እንቀመጥ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ከወንበሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ብቻዬን እንሸራተት ጀመር። መምህራችን ስም ሲጠራ የሌሎቹን የምመልስ እኔ ነበርኩ።

«አበባ?»

«ከብት ይዛ ሄዳለች።»

«ዘሪሁን?»

«እሱም ሄዷል።»

አንድ ቀን መዝገቡን ዘጋና «ትርንጎ፣ አንችስ አለሽ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ቤት እስክደርስ ሳስብበት ሄድኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳልቺትን ወደ ወንዙ እወስዳታለሁ። በደረቀው አሸዋ ውስጥ እናቴ የቆፈረችው፣ እስከ አንገቴ የሚደርስ ጉድጓድ አለ። ቅል ይዤ እገባና ውኃው ከሥር እስኪጠራቀም ቁጢጥ ብዬ እጠብቃለሁ። አንድ ቅል እስኪሞላ ሁለት መቶ ድረስ እቆጥር ነበር። እዚያ ውስጥ ሆኜ የሚታየኝ ክብ ሰማይና የዳልቺት አፍንጫ ነው። አንገቷን አስግጋ ስትጠብቅ ትንፋሽዋ አናቴን ያሞቀዋል። ሌላ ድምፅ የለም። ቀድሞ በዚያ ሰዓት የመንደሩ ከብት ሁሉ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ የቃጭሉ ድምፅ ሰው ከሰው አያሰማም ነበር። አሁን የአሸዋው ጠብ ጠብ ማለት ይሰማኛል። ዝምታውን ስላልወደድኩት ለዳልቺት ማውራት ጀመርኩ፤ በክፍል የተማርኩትን ሁሉ አስረዳኋት። የመጀመሪያ ተማሪዬ እሷ ናት። እንደ እሷ በትዕግሥት ያዳመጠኝም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቀን ከጉድጓዱ ስወጣ ከዳልቺት ጎን ጥቁር በሬ ቆሟል። የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ከአጠገቡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አሉ። በእኛ ሙቀት ጋቢ የለበሰ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የታመሙ መሰለኝ።

«ውኃ አለሽ ልጄ?»

«ለአንቱ ነው ለበሬው?»

«ለሱ ይቅደም። እኔ ጠማኝ ብየ መጮህ እችላለሁ፤ እሱ አይችልም።»

ለበሬው ቀዳሁለት። ሁለት መቶውን አብረውኝ ቆጠሩ።

አያ ታፈረ ይባላሉ። ከወገራ፣ አያቴ ከተወለደችበት መንደር ናቸው። ሁለት ሳምንት ያህል በእግራቸው መጥተዋል። እናቴ እግራቸውን አጥባ ቀዝቃዛ ከርከዴ ሰጠቻቸው። ቀዩን መጠጥ ትክ ብለው አዩት።

«ይኼ ደግሞ የምን ደም ነው?»

«አበባ ነው አያ ታፈረ፤ ከሱዳን በኩል የመጣ። ይጠጡ፣ አይገድልም!» ብላ ሳቀች። አባየ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ከደጋ ወደ እኛ ከብት የሚወርደው በክረምት ነው፤ እዚያ መሬቱ ሁሉ ሲታረስ ግጦሽ የሚገኘው በእኛ በኩል ስለሆነ። በበጋ የሚመጣ ግን አይተን አናውቅም።

«ምነው በዚህ ጊዜ?» አለች እናቴ።

«ውርጭ ጨረሰን ልጄ። ባቄላውንም፣ ገብሱንም፣ ግጦሹንም። አረንጓዴ ትተነው ገባን፤ ጠዋት ጠቁሮ ጠበቀን። እናንተ ዘንድ ሣር አይጠፋም ብየ መጣሁ።»

«የኛንም ፀሐይ ጨረሰው።»

«እንግዲህ ላይ ውርጭ፣ ታች ፀሐይ። ከብቱ በየት ይሂድ?» አሉ።

ውርጭ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሽንፋ ዳር ማን ያውቀዋል? ውርጭ መጣ፣ ውርጭ ጨረሰ፣ ውርጭ ገደለ ሲሉ ስሰማ አውሬ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አያ ታፈረ፣ ውርጭ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ነጭ።»

«ጥርስ አለው?»

«ጥርሱስ እንጃ፣ ንክሻው አለ።»

«ዓይንስ?»

«ዓይንማ የለውም።»

«ታዲያ ባቄላውን እንዴት አገኘው?»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ከወንዝ ማዶ ያለውን ማሳ ዘሎ የኔን በላ።»

«ወደዚህ ቢመጣስ?»

«እዚህ ቢመጣ በፀሐያችሁ ይሞታል። አይዞሽ።»

እኔ ግን አላመንኩም። ለብዙ ጠዋት አሸዋው ላይ የማላውቀው ዱካ እፈልግ ነበር።

በሬው ሻንቆ ይባላል። ቅንጃውን ወገራ ትቶ ነው የመጣው። ቅንጃ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ቀንበር ሁለት አንገት ስለሚፈልግ አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ቤቶች በሬዎቻቸውን ያቀናጁና በየተራ ያርሳሉ። የአያ ታፈረ ቅንጃ ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ነበረች። ከውርጩ የተረፈው ገለባ ለአንድ በሬ እንጂ ለሁለት የማይበቃ ሲሆን ዕጣ ተጣጣሉ። የእሷ በሬ ቀረ፤ ሻንቆ ወረደ።

«ይኼ ከወደቀ ሁለት ቤት ነው የሚወድቀው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ግንባሩን እያሹለት። «አምስት ልጅ አላት። ለእርሻ አደርሰዋለሁ ብያታለሁ።»

ሻንቆ ግን በየቀኑ ይከሳ ነበር። ጠዋት በራሱ መነሳት አቃተው። አያ ታፈረ ቀንዱን፣ እኔ ጅራቱን ይዘን «ሃይ! አይዞህ!» እያልን እናነሳዋለን። ሲቆም «ዛሬም ቆምን» ይላሉ። «ቆመ» አይሉም፤ «ቆምን» ነው የሚሉት። እኔንም እንደጨመሩኝ አውቃለሁና ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ እሳቸው ዛፍ ፍለጋ ራቅ ብለው ይሄዳሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ግንድ ላይ ወጥተው ቅጠል ቆርጠው ይመለሳሉ።

በጥር ከሰዓት በኋላ አንድ ቀን ያለ ወቅቱ ካፊያ ጣለ። አቧራውን እንኳ በደንብ አላራሰም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የባለሀብቱ ማሳ ላይ፣ ከየጉቶው ሥር ቡቃያ ብቅ ብቅ አለ። በዚያ ሁሉ ግራጫ ምድር መሃል አረንጓዴ የሆነ ነገር እሱ ብቻ ነው። ዘበኛው ወደ ሸሕዲ ከተማ ከሄደ ቆይቷል።

ቅዳሜ ነበር። እናቴ ለአባየ ልትደውል የሱዳኑ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጥታለች። አያ ታፈረ ቅጠል ፍለጋ ሄደዋል። ሻንቆ ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ጊዜ አንስተነው ሁለቴ ተመልሶ ተኝቷል። ቁርቁራው ሥር አጠገቡ ተቀምጬ አሰብኩ፤ ሐሳቤ እስከ ዛሬ ደረጃ በደረጃ ትዝ ይለኛል። አንደኛ፣ አባየ የከለከለው ዳልቺትን ነው፤ ስለ ሻንቆ ምንም አላለም። ሁለተኛ፣ ማሳው የሰው ቢሆንም ብያዝ የምያዘው እኔ ነኝ እንጂ በሬው አይደለም። ሦስተኛ፣ እንግዳ ይቀድማል፤ ይህን እናቴ ሁልጊዜ ትለዋለች።

ስለዚህ ዳልቺትን ዛፉ ላይ አሰርኳትና ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በሁለት ክንዴ ሙሉ አመጣሁ። እጄና ቀሚሴ አረንጓዴ ሆነ፤ ሽታው ጣፋጭ ነበር። ሻንቆ ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ይበላ ነበር። ዳልቺት ከታሰረችበት ሆና እምቧ አለች።

«አንችማ አይቻልም» አልኳት። «አባየ ከልክሏል።» አዘንኩላት፤ በራሴም ኮራሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሻንቆ ትንፋሽ ፈጠነ። ጠግቦ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠና ማንም ሳይነካው ብድግ አለ።

«አያ ታፈረ!» ብዬ ጮህኩ። «በራሱ ተነሳ! ሻንቆ በራሱ ተነሳ!»

ቅጠላቸውን ተሸክመው እየተመለሱ ነበርና ሮጠው መጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ባላየሁት እወድ ነበር። ሻንቆ ሦስት እርምጃ ሄደና ተገለበጠ። እናቴ ከጉብታው ስትወርድ በአፉ ዙሪያ አረንጓዴውን አየችው።

«ምን በላ? ትርንጎ፣ ምን በላ?»

«ሣር ነው እማየ። ከማሳው።»

እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «የማሽላ ቡቃያ! ወይኔ! ወይኔ ልጄ!» ሰሊጥ ወቅጣ በውኃ በጥብጣ ጋተችው። ግማሹ በአፉ ጥግ ፈሰሰ። የቁርቁራው ጥላ ጥቂት እንኳ ሳይዞር ሻንቆ ሞተ።

ዛሬ ይህን አስረዳለሁ፦ በድርቅ የተጎዳ ማሽላ፣ ወይም ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ፣ ለጋ ቡቃያው መርዝ ይይዛል። የቆላ ከብት ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከማወቁ ብዛት ለማንም አይናገረውም። የወገራ ሰው አያውቀውም፤ ከብቱ ያደገው በገብስ ቀንበጥ ነው። እናቴም በኋላ «እንዲያ ዓይነቱን ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ» እያለች ራሷን ስትወቅስ ሰምቻታለሁ።

አያ ታፈረ አልጮሁም። የበሬውን ጆሮ ይዘው ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ወደ ዳልቺት ዞሩ።

«ለሷስ ሰጥተሻት ነበር?»

«አልሰጠኋትም።»

«ለምን?»

«አባየ ከልክሎኛል።»

ይህ እውነት ነበር። እውነት ሆኖ ከውሸት የከፋ መልስ እንዳለ ያን ቀን አወቅኩ። አያ ታፈረ እጄን፣ ቀሚሴን፣ ከዚያ የታሰረችውን ላም አዩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አላናገሩኝም። እናቴ «ልጅ ናት፣ አታውቅም እኮ» ስትላቸው «እሽ» ይላሉ፤ ሌላ የለም።

አባየ እስኪመጣ አሥር ቀን አለፈ። አያ ታፈረ የሻንቆን ቆዳ መሬት ላይ ወጥረው በችካል አስረው፣ ከአጠገቡ ተቀምጠው ይውላሉ። እኔ ከጉድጓዱ አልወጣም። ቅሉ ሲሞላ መቁጠሩን ተውኩት። ለዳልቺት ማስረዳትም ተውኩ፤ ምን ብዬ ላስረዳት? ጠዋት ጠዋት ግን በለመድኩት ሰዓት እነቃለሁ። የማነሳው ጅራት የለም።

አባየ ሲደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ዲዛ በሚባለው ወፍራም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔን ከእናቴ ኋላ አቆሙኝ። በመካከል ያሉት ሽማግሌ አባቴን ጠየቁ።

«ያንተ ላም ታስራ የእንግዳ በሬ በላና ሞተ። ምን ትላለህ?»

«ልጅ ናት። አታውቅም።»

«ካላወቀች ላሟን ለምን ከለከለቻት?»

«እኔ ነኝ አታድርሻት ያልኳት።»

«ምክንያቱን ነግረሃታል?»

አባየ ዱላውን አፈሩ ውስጥ አዞረ። «ለልጅ ምክንያት ይነገራል እንዴ? ተው ነው የሚባል።»

«ነግረሃታል ወይስ አልነገርካትም?»

«አልነገርኳትም።»

አያ ታፈረ ቀና አሉ። ከአሥር ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ።

«ትርንጎ፣ ነይ እስቲ። አባትሽ የከለከለሽ ለምን መስሎሽ ነበር?»

«ማሳው የሰው ስለሆነ።»

«ሰርቀሽ ነዋ ለሻንቆ የሰጠሽው?»

«አዎ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ለራሷ ላም የማትሰርቅ፣ ለእንግዳ በሬ የምትሰርቅ ሌባ ዛሬ ገና አየሁ!» አሉና ሌሎቹም ሳቁ። አያ ታፈረ አልሳቁም። እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ፤ ከባድና ሻካራ እጅ ነበር።

ዳልቺት የምትወልደው ጥጃ ጡት ሲጥል ወገራ ድረስ ተወስዶ እንዲሰጥ ተፈረደ። አባየ «እሽ፣ ይገባል» አለ። ጥጃ ለእርሻ እስኪደርስ ግን ስንት ክረምት እንደሚያልፍ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

«ቅንጃዎን ምን ይሏታል?» አለች እናቴ በቀስታ።

«ውርጭ ገደለው እላታለሁ።»

«እዚህ ውርጭ የለም እኮ!» አልኩ እኔ፤ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

አያ ታፈረ አዩኝ። «ዘንድሮ ነበረ» አሉ። «እሷ ትገባታለች። ውርጭ ዓይን የለውም እንጂ ክፋት የለበትም።»

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ቆዳውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አድርገውታል፤ ለቀንበር ማሰሪያ ይሆናል ብለዋል። በሬ የማይነዳ ሰው መንገድ ላይ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። አንድ ጊዜ ጋቢያቸውን፣ አንድ ጊዜ ቆዳውን እየያዙ ሲሄዱ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። ከዚያ ወደ አሸዋው ወረድኩ። ዱካ መፈለጉን ያን ቀን ተውኩ። ነጩን አውሬ አግኝቼዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እጁም አረንጓዴ ነበር።

ወደ ባለፈው ሳምንት ልመለስ። ዓረፍተ ነገሬ መሃል ላይ እንደቆምኩ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ተነሱ። ቡቃያውን አንስቼ አሳየኋቸውና «ይህን ለከብት እንዳትሰጡ!» አልኩ። «እሽ ቲቸር!» ብለው ወደ በሩ ተሯሯጡ። ቀድሜያቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው፣ እነሱም አንድ በአንድ መልሰው እስኪነግሩኝ ድረስ አንድም ልጅ አላስወጣሁም። የመጨረሻዋ ያችው ቡቃያውን ያመጣችው ልጅ ነበረች።

እናንተም ዛሬ ሞክሩት። አንድን ልጅ «ተው» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ «ምክንያቱም» የምትለዋን አንዲት ቃል ጨምሩበት። ከዚያ ልጁ ምክንያቱን በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ የሚመልስላችሁ ሌላ ነገር ከሆነ እንደገና ንገሩት። ከብቱ መንገድ ጀምሮ ቢሆንም እየሄዳችሁ ዞር ብላችሁ አትናገሩት፤ ቆማችሁ ንገሩት።